የጨዋታ ሣጥኑና ቁልፉ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ የድልድይ፣ የግድብና የፋብሪካ ታሪክ ማንበብ የለመደ ባልደረባ፣ የልጆች መጫወቻ ተብሎ ስለሚናቅ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ተጻፈ ሲባል ግንባሩን ቋጠር ሊያደርግ ይችላል። ይሁን እንጂ በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በእንጭኒ በወጣቱ እጅ የገባ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ በፕሌይስቴሽን ቤት በጣውላ ጠረጴዛ ላይ ከጧት እስከ ማታ ሲሠራ የኖረው ይኸው ሣጥን ነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር እንደሆነ አብዛኛውን ዘመኑን ተሸፍኖና ተቆልፎበት ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የእንጭኒ ልጅ ነው፤ ሣጥኑን በመጀመሪያ በተጫዋችነት፣ ኋላም በመሐንዲስነት ከፍቶ አውቆታል። ስለሆነም የሚሰጠው አስተያየት የሁለቱም ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ፣ በስሙ ካልተለየ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስለዚህ መሣሪያ የሚጻፉት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሥዕሉን ጥራትና የፍጥነቱን ዕድገት ይተርካሉ። በእኔ ግምት የሣጥኑ ታሪክ በመሠረቱ የቁልፍ ታሪክ ነው። ይኸውም በመሣሪያው ላይ ማን ምን ያጫውት የሚለውን የመወሰን ሥልጣን በማን እጅ ይሁን የሚለው ክርክር ታሪክ ነው።

በ1972 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የቤት መጫወቻ፣ የራልፍ ቤር ፈጠራ የሆነው የማግናቮክስ ኦዲሲ፣ ቁልፍ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ማስታወሻም ድምፅም የለውም፤ ሜዳው የሚሣለው በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ በሚለጠፍ ባለቀለም ላስቲክ ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የአታሪ ኩባንያ በ1977 ያወጣው ሣጥን ግን ካሴት የሚለዋወጥበት እውነተኛ ኮምፒዩተር ሆነ። የሥራ ማስታወሻው 128 ባይት ብቻ ነበር። አንድ የግዕዝ ፊደል ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ያ ማስታወሻ ከ42 ፊደል በላይ አይችልም ማለት ነው፤ አንድ አጭር ደብዳቤ እንኳ አያስጽፍም። በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ጨዋታ የሠሩት ሰዎች የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም። አታሪ የሠሪዎቹን ስም በሥራቸው ላይ ለማውጣት ባለመፍቀዱ፣ ከዋነኞቹ ባለሙያዎች ጥቂቶቹ በ1979 ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሣጥኑ ቁልፍ አልነበረውምና ማንም ካሴት ሠርቶ ሊሸጥለት ይችል ነበር። ብዙዎችም ሠሩ፤ ከመልካሙ ይልቅ ዝባዝንኬው በዛ፤ በ1983 የአሜሪካ ገበያ ወደቀ። አታሪ ያልተሸጠ ዕቃውን በኒው ሜክሲኮ በረሓ፣ አላሞጎርዶ አጠገብ፣ ቀበረ። በ2014 ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካሴቶቹ ሲወጡ እንደ ጥንት መቃብር ቅርስ ተቈጥረው ነበር።

ከዚህ ውድቀት ትምህርት የወሰደው በ1889 በኪዮቶ የመጫወቻ ካርታ አምራች ሆኖ የተቋቋመው ኒንቴንዶ ነው። ፋሚኮም የተባለውን ሣጥን በ1983 በአገሩ ካወጣ በኋላ፣ በ1985 ወደ አሜሪካ ሲልከው አንድ ነገር ጨመረበት። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ቺፕ፣ በካሴቱም ውስጥ አንድ ቺፕ ተቀመጠ። ሁለቱ ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ፤ ቃላቸው ካልተስማማ ሣጥኑ በየሰከንዱ እንደገና እየተነሣ ማጫወት እምቢ ይላል። ኩባንያው ለዚህ የሰጠው ምክንያት ጥራትን መጠበቅ የሚል ነበር። ምክንያቱ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም፤ ቁልፉን የያዘ ሰው ቀረጡንም ይሰበስባልና። ካሴቱን የሚያመርተው ኒንቴንዶ ራሱ ሆነ፤ ፈቃድ ያገኘ ድርጅትም በዓመት ከአምስት ጨዋታ በላይ እንዳያወጣ ተገደበ።

ለእኛ አገር ዕድል ሆኖ፣ በጃፓን የተሸጠው ፋሚኮም ይህ ቁልፍ አልነበረውም። በእስያ የበቀሉት አስመሳይ ሣጥኖች በብዛት የተቀዱት ከዚያ ነው። መርካቶ ደርሰው በሻንጣ ወደ ክፍለ አገር ከወጡት መካከል ያየናቸው ሁሉ የዚህ ዘር ናቸው። በካሴቱ ላይ 9999 ጨዋታ ተብሎ ይጻፋል፤ ሲከፈት አራቱ ወይም አምስቱ ስማቸውን እየለወጡ ይመላለሳሉ። ከዚሁ ጎን ለጎን በሁለት ድንጋይ የሚሠራው ብሪክ ጌም ነበር። አሌክሴ ፓጂትኖቭ በ1984 በሞስኮ የፈጠረው ቴትሪስ፣ ፈጣሪው ሳይታወቅ፣ በየሱቁ በረንዳ ላይ የተጫወትነው በዚህች ዕቃ ነው። የኒንቴንዶው መሐንዲስ ጉንፔይ ዮኮይ በ1989 ጌም ቦይን ሲያወጣ ቀለም የሌለው መስተዋት የመረጠው፣ ርካሽና ባትሪ የማይበላ ስለሆነ ነበር። ባለቀለም ተወዳዳሪዎቹ ድንጋያቸውን በጥቂት ሰዓት ሲጨርሱ የእርሱ ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር። መብራት በሚጠፋበት አገር ያደገ መሐንዲስ ይህን ምርጫ ለማድነቅ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ሣጥን እንምጣ። የፕሌይስቴሽን አወላለድ ከቂም የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ሶኒ ለኒንቴንዶ ሣጥን የዲስክ ማጫወቻ ለመሥራት ተዋውሎ ሳለ፣ ኒንቴንዶ በ1991 በቺካጎ ትርዒት ላይ ከፊሊፕስ ጋር መስማማቱን በአደባባይ አስታወቀ። የሶኒው መሐንዲስ ኬን ኩታራጊ ሥራውን ሳይተው አለቆቹን አሳምኖ በታኅሣሥ 1994 ፕሌይስቴሽንን አወጣ። የማቀናበሪያው ምት 33.8688 ሜጋኸርዝ ነው። ይህ ቁጥር ለምን እንዲህ ተሰባበረ ብሎ የሚጠይቅ ባልደረባ ቢኖር፣ የሙዚቃ ዲስክ ድምፅ በሰከንድ የሚለካበት 44,100 በ768 ሲባዛ የሚሰጠው ይህንኑ ነው፤ ድምፁም ሥሌቱም በአንድ ምት ይመራሉ። እንዲህ ያለ ንጽሕና ኋላ በወጡት ሣጥኖች ውስጥ ብዙም አላየሁም።

ሶኒ ቁልፉን በዲስኩ ላይ አኖረው። በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለው የጨረሩ መንገድ በመጠኑ እየተወላገደ እንዲሄድ ተደርጎ፣ በውልግድናው ውስጥ የአገሩን ክልል የሚናገሩ አራት ፊደላት ተሠውረዋል። ተራ የዲስክ መቅጃ መንገዱን ቀጥ አድርጎ ስለሚከተል ይህን ሊቀዳ አይችልም። ይሁን እንጂ ቁልፉን የሚመረምረው ክፍል የሚጠብቀው እነዚያን አራት ፊደላት ብቻ ነበር። ስለዚህ ስምንት እግር ያላት፣ ዋጋዋ እዚህ ግባ የማይባል አንዲት ቺፕ በጥቂት የስታኞ ጠብታ ተበይዳ ፊደላቱን እየደጋገመች ስታሰማው ማንኛውንም ዲስክ በፈቃደኝነት ይቀበላል። በእኔ አስተያየት የኢትዮጵያ ፕሌይስቴሽን ቤት የተመሠረተው በዚህች ቺፕ ላይ ነው። የተቀዳ ዲስክ መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት የሚያስጠይቅ መሆኑ አይካድም። ግን አምራቾቹ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሕጋዊውን ዲስክ በሕጋዊ ዋጋ የሚሸጥ አንድም ወኪል አኑረው እንደማያውቁ አብሮ መነገር አለበት።

እንጭኒ የአዳ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሆለታ ወደ ሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሄደው መንገድ ያልፍባታል። የጨዋታ ቤቱ ደንበኛ ተማሪው ብቻ አልነበረም። የጭነት መኪና ረዳቶችም አለቃቸው ምሳ እስኪበላ ድረስ ገብተው ይጫወቱ ነበር። ጆተኒና ከረንቦላ ቀድመው ያስለመዱት ደንብ ወደዚህም ተሻገረ፤ ተሸናፊ ይከፍላል። በዚህ ደንብ መሠረት ጎበዝ የሆነ ልጅ ያለ ሳንቲም ሙሉ ቀን ይውላል። በጨዋታ መካከል መብራት ሲሄድ ሒሳቡ እንዴት ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን በየቤቱ የተለያየ ውሳኔ ያገኝ ነበር፤ አንዳንዱ ባለቤት ጨዋታው እንዳልነበረ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ የመሪውን ድል ያጸድቃል፤ ጠቡም አያልቅም። የኮናሚ ዊኒንግ ኢለቨን የሚመጣው በጃፓንኛ ነበር። ፊደሉን ያልቈጠሩ ልጆች የምርጫውን ዝርዝር ቅርጹን እያዩ፣ ሦስተኛው መስመር አሰላለፍ፣ አምስተኛው የኳስ ፍጥነት እያሉ በቃላቸው ይዘውት ነበር።

የባለቤቱ ችግር ከዚህ የበረታ ነው። ከጃፓን የመጣ ሣጥን ለ100 ቮልት የተሠራ ነው። በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ፣ የተቃናው ኀይል ወደ 310 ቮልት ስለሚደርስ፣ ለዝቅተኛው የተመረጠው ኮንዴንሰር በአንድ ጥይት ድምፅ ይሰናበታል። ስለዚህ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ከባዱ ትራንስፎርመሩ ነበር። ከዚህም በላይ የጃፓኑ የቀለም ምልክት በ3.58 ሜጋኸርዝ ሲላክ፣ በአገራችን የተለመደው የፓል ቴሌቪዥን ግን በ4.43 ሜጋኸርዝ ይጠብቃልና ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀይና ሰማያዊ ለባሽ ቡድኖች በአንድ ዓይነት ግራጫ ተቀላቅለው ሲጫወቱ መለየት የሚችለው የለመደው ብቻ ነው።

በመጨረሻም የሌንሱ ጉዳይ አለ። በመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች የሌንሱ ተሸካሚ ከፕላስቲክ ተሠርቶ፣ ከሚሞቀው የኀይል ክፍል አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፕላስቲኩ እያለቀ ሲሄድ ሌንሱ ያዘነብላል፤ ዲስኩም አልነበብ ይላል። መድኃኒቱ ሣጥኑን ገልብጦ በጀርባው ማስቀመጥ ሆነ፤ ክብደቱ በሌላው ወገን ስለሚያርፍ ለጥቂት ወራት ይታደሳል። ይህን ዘዴ በሌላው ዓለም ያሉ ተጫዋቾችም ደርሰውበታል። በእንጭኒ ግን ያገኙት ሰዎች ከማንም ሳይሰሙ፣ በካቻቢቴና በትዕግሥት ነው። የምሕንድስና ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ስለ ግጭት፣ ስለ ሙቀትና ስለ ልኬት ያየሁት የመጀመሪያ ማስረጃ እርሱ ነበር።

ስለ ሌሎቹ ኩባንያዎች በአጭሩ ልናገር። ሴጋ በ1998 ያወጣው ድሪምካስት መልካም ሣጥን ነበር። ቁልፉ በ2000 ያለ ምንም ቺፕ ተሰብሮ የተቀዳ ዲስክ ይቀበል ጀመር፤ ኩባንያውም በ2001 ከሣጥን ሥራ ወጣ። ብዙዎች የወደቀው ስለተቀዳበት ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ቀድሞ የተጠራቀመው ኪሳራና በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ይበቁት ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 እንዲያውም ቁልፉ ተሰብሮ ሳለ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ማይክሮሶፍት በ2005 ያወጣው ኤክስቦክስ 360 ሲበራና ሲጠፋ በሚፈጠረው የሙቀት መለዋወጥ የውስጥ ግንኙነቱ እየተሰነጠቀ በብዛት ስለሞተ፣ ኩባንያው በ2007 የዋስትናውን ዘመን ወደ ሦስት ዓመት ሲያራዝም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። መብራት በቀን አራት ጊዜ በሚመላለስበት ከተማ ይህን ሣጥን ለሥራ የገዛ ሰው የዋስትናው ወረቀት ምን ይጠቅመዋል?

ሶኒም ቢሆን ከነቀፌታ አያመልጥም። በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ ገዢው ሌላ ሥርዓተ ክወና እንዲጭንበት ፈቅዶ ነበር። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ አየር ኀይል 1,760 ሣጥኖችን አገናኝቶ በ2010 ታላቅ የሥሌት መኪና ሠራባቸው። በዚያው ዓመት ሶኒ ፈቃዱን በማሻሻያ ስም አነሣው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ወደ ቤቱ የወሰደውን ዕቃ ሻጩ ከሩቅ ሆኖ ሊቀንስበት እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው። ቁልፉ ከዲስክ ወደ መረብ የተሻገረበትም ወቅት እርሱ ነው።

ዛሬ ቁልፉ በሒሳብ መዝገብ መልክ ይገኛል። ተጫዋቹ በኩባንያው መረብ ስሙንና አገሩን ያስመዘግባል። እስከ 2024 ድረስ በሶኒ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም። የእኛ ሰው ወይ የእንግሊዝ ወይ የአሜሪካ ነዋሪ ነኝ ብሎ ይመዘገባል፤ የሚከፍልበት የውጭ ምንዛሪ ካርድም ከዘመድ ይለምናል። በግንቦት 2024 ሄልዳይቨርስ 2 በተባለው ጨዋታ ምክንያት ይኸው ነገር በዓለም ታወቀ። ሶኒ በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ሁሉ መዝገብ እንዲከፍቱ አዘዘ፤ ተቃውሞ ሲበረታ ትእዛዙን አነሣ። ሆኖም መዝገብ በማይከፈትባቸው ከ170 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች የጨዋታው ሽያጭ ታገደ። በተቀዳ ዲስክ ይከሰሱ የነበሩት አገሮች በዚህ ጊዜ ገንዘብ ይዘው ቢቀርቡም የሚሸጥላቸው አላገኙም።

በሠሪዎቹም በኩል ነገሩ ከዚህ አይለይም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን ሲያዘጋጅ ያወጣው ለእጅ ስልክ ነበር። ለሣጥኑ ጨዋታ ለመሥራት ከአምራቹ ጋር ውል መዋዋልና ልዩ የመሥሪያ ዕቃ ማግኘት ስለሚያስፈልግ፣ ስልኩን መምረጣቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ኒንቴንዶ በ1985 የሠራው አጥር እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል።

በኅዳር 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ዲስክ ማጫወቻ ሳይኖረው ነው የሚሸጠው። ማጫወቻው ለብቻው ይገዛል፤ ሲገጠምም በመጀመሪያ በኢንተርኔት ከኩባንያው ፈቃድ መቀበል አለበት። በእንጭኒ ያሉ ቤቶች ገና በቀድሞዎቹ ሣጥኖች ይሠራሉ። የፕሌይስቴሽን 2 ምርት በ2013 ስለቆመ፣ የሚሞተው ሣጥን ሌንስ ከሌላ ከሞተው ተነቅሎ ይገጠማል፤ ትርፉን ቆራሌው በኪሎ ይገዛል። ባለፈው ክረምት ስምንት እግር ቺፕ የተበየደባቸው ሁለት ሰሌዳዎች ከአንድ ጥግ አግኝቼ አስቀምጫለሁ። ብየዳው በዐይን የተሠራ ነው፤ ግን አንድም ጠብታ አላፈነገጠም። ከባልደረቦች መካከል በአምቦ፣ በጌዶ ወይም በሌላ ስፍራ እንዲህ ያለውን የሚያውቅ ቢኖር፣ ቆራሌው ሳይቀድመው ሰሌዳውን ቢያስቀምጥና የሠራውን ሰው፣ በሕይወት ካለ፣ እንዴት እንደሠራው ጠይቆ ቢጽፍልን መልካም ነው።