ዓሣውን ያኖረው ሣር

ብዙ ሆቴሎችና ክሊኒኮች እንግዳ መቀበያቸው ላይ የዓሣ ገንዳ አለ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ውስጡ ያለው ተክል አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም የአኳሪየም ታሪክ የተጀመረው ከዓሣው ሳይሆን ከተክሉ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ፕሪስትሊን አትረሱትም። በ1771 ሻማ ነድዶ በጠፋበት የታፈነ አየር ውስጥ የናና ቅጠል አስቀመጠ፤ ከቀናት በኋላ እዚያው አየር ውስጥ ሻማ እንደገና ነደደ። በ1779 ደግሞ ኢንገንሃውዝ የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪም ተክሉ አየሩን የሚያድሰው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ መሆኑን አሳየ። ይህን ለማየት ቅጠሎችን ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚወጡትን አረፋዎች ይከታተል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ዝለሉና ወደ ለንደን ኑ። ናታንኤል ዋርድ የሚባል ሐኪም ፈርን ማብቀል ይወዳል፤ የከተማው የከሰል ጭስ ግን እየገደለ አስቸገረው። በ1829 የእሳት ራት ክንፍ አውጥታ ስትወጣ ለማየት ብሎ እርጥብ አፈር ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ አስቀመጣት። የእሳት ራቷን ተዉት፤ አፈሩ ላይ ፈርንና ሣር በቀለ! ዋርድ ይህንን ወደ መስታወት ሣጥን አሳደገው። በ1833 ሣጥኖቹ ተክል ጭነው አውስትራሊያ በሰላም ደረሱ፤ በኋላም የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ሕንድ የሄደው በእነዚሁ ሣጥኖች ነው። (የሻይ ፖለቲካው ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነው፣ አሁን አልገባበትም።) በ1845 እንግሊዝ የመስታወት ግብሯን ስታነሳ መስታወት ረከሰ፤ መንገዱም ተከፈተ።

ዋናው ሰው ግን ሮበርት ዋሪንግተን ነው። ለንደን ውስጥ የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ኬሚስት ነበር። በ1849 ሃምሳ ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ አድርጎ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችና ቫሊስኔሪያ የተባለች ረዣዥም ቅጠል ያላት የውሃ ሣር አስገባ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዓሣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ሣሩ ይወስዳል፤ ሣሩ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ዓሣው ይተነፍሳል። ውሃ መቀየር የለም።

ስሌቱ ግን ሙሉ አልነበረም። ያረጁት ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ መስታወቱን አረንጓዴ ነገር ሸፈነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደፍቶት ይሄድ ነበር። ዋሪንግተን ኩሬን አሰበ፤ ኩሬ ውስጥ የበሰበሰውን ማን ይበላዋል? ቀንድ አውጣ! ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ሲጨምር ውሃው ጠራ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የሚጥሉት እንቁላል ደግሞ ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ውጤቱን በ1850 ለኬሚካል ሶሳይቲ አቀረበ።

እዚህ ላይ አና ታይንን ካልጠቀስኩ ይቆጨኛል። ከዋሪንግተን በፊት፣ በ1846፣ የባሕር ኮራል ለንደን ውስጥ ቤቷ አምጥታ አኑራለች። ውሃው አየር እንዲያገኝ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ ይናፈስ ነበር፤ አንዳንዴ እስከ 45 ደቂቃ። የሚገለብጠው ማን ይመስላችኋል? የቤት ሠራተኛዋ ናት። ስሟ ግን አይታወቅም። በኋላ አና የባሕር ተክሎችም ጨመረችበት።

በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በ1854 የጎስ መጽሐፍ ወጣና «አኳሪየም» የሚለው ቃል በየሳሎኑ ገባ። ወረቱ ብዙም አልቆየ፤ ብዙ ሰው ዓሣ እንጂ ሚዛን አልገዛም ነበርና።

እንደ እኔ እንደ እኔ የዋሪንግተን ትልቁ ነገር የኦክስጅኑ ስሌት አይደለም። ገንዳ ውስጥ አብዛኛው ኦክስጅን የሚገባው ከላይ፣ ውሃው ከአየር ጋር ከሚነካካበት ገጽ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ተክሉ ራሱ ኦክስጅን ይጠቀማል። ትልቁ ነገር ቆሻሻው የት ይሄዳል ብሎ መጠየቁ ነው። ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ይህንን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩትን ባክቴሪያዎች ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያወጣቸው በ1890 ገደማ ነው፤ ተክሎች ደግሞ አሞኒያውንም ናይትሬቱንም ይመገቡታል። ፕላስቲኩ ይህን አይሠራም።

«ቤቴ ብርሃን የለውም» ለምትሉኝ፦ አኑቢያስን ያዙ። ሾት የተባለ ኦስትሪያዊ በ1857 በግብፁ አምላክ በአኑቢስ ስም የሰየመው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ በጫካ ጥላ ሥር በወንዝ ዳር ስለሚያድግ ደብዛዛ ብርሃን ይበቃዋል። የጃቫ ፈርንም እንደዚያው ነው። ሁለቱም ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ አትቸኩሉ። ሥሩ የሚወጣበትን ወፍራም ግንድ አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት፣ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር እሰሩት፣ ሥሩ ራሱ ይይዛል።