ወረንጦና የዓይን ቅባት በወረኢሉ

ወረኢሉን የታሪክ መጻሕፍት የሚያነሷት በክተት ነው፤ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ሲዘምቱ ሠራዊቱ እንዲሰበሰብ ያዘዙባት ከተማ ናት። እኔ ግን በጤና ረዳትነት አገልግዬባታለሁ፤ ኋላም የገጠር መድኃኒት ቤት ከፍቼ አርጅቼባታለሁ። የማውቃት በዓይን ሕመሟ ነው።

በልጅነቴ ከሴቶቹ አንገት ወረንጦ አይጠፋም ነበር። ክርስቲያኗ ከማተቧ፣ ሙስሊሟ ከአንገቷ ክር ጋር ታንጠለጥለዋለች። እሾህ ለማውጫ ብቻ አልነበረም። ዓይነ ማዝ (ትራኮማ) በልጅነቱ የደጋገመው ሰው የዓይን ቆቡ ውስጡ ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ዓይኑን በከደነና በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፈገፍገዋል። ያኔ ጎረቤት ጎረቤቷን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ቆቡን በአውራ ጣቷ ገልበጥ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ትነቅልላታለች። እጇ የተመሰገነች ሴት ዘንድ ከሩቅ ይመጣል። ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ፀጉሩ ግን በሳምንታት ውስጥ አጭርና ሹል ሆኖ ይበቅላል። ቢሆንም እነዚያን ሴቶች ሲነቅፏቸው አልወድም። ለቀዶ ሕክምና ደሴን አልፎ ቦሩ ሜዳ ድረስ መሄድ ግድ በነበረበት ዘመን፣ ስንቱ ሰው ሌሊቱን የተኛው በእነሱ እጅ ነው።

ቅባቱ የመጣው ኋላ ነው። ከቴትራሳይክሊን ወገን የመጀመሪያው መድኃኒት ኦሪዮማይሲን በአሜሪካ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር፤ ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን የዓይነ ማዝን ተሐዋሲ ነጥሎ ያራባው ደግሞ በ1950ዎቹ። እኛ እጅ የገባችው 1% ቴትራሳይክሊን የያዘች፣ ቢጫ ቅባት ያለባት ትንሽ ቱቦ ናት። ለዓይነ ማዝ ትእዛዙ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት ነው። ይህን ማን ይጨርሰዋል? ቅባቱ ለጊዜው ዓይን ያደበዝዛል፤ በበልግ በሬ የጠመደ ገበሬ አይታገሰውም። ዓይናሩ ሲደርቅ ደግሞ ሁሉም የዳነ ይመስለዋል። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ በራልኝኮ! የተረፈውን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁላት» ብለው መርቀውኛል። ደግነት ነው፤ ግን የቱቦው ጫፍ የአንዱን ዓይናር ለሌላው ያደርሳል።

በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ 100 ልጆች ከ62 በላይ የሚሆኑት ዓይነ ማዝ እንደያዛቸው አሳየ። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ወባንና ትራኮማን ያጣመረ የዘመቻ ሳምንት መጣ። ልጁ ምልክት ባለበት ዘንግ ሥር ይቆማል፤ ዚትሮማክስ የሚባለው የትራኮማ መድኃኒት መጠኑ በቁመቱ ይወሰናል፤ እዚያው ይውጣል። የ6 ሳምንቱ ጣጣ በአንድ ጊዜ አለቀ። ቅባቱ ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ቀረ። ፊት መታጠቡንና መጸዳጃ ቤቱን ግን ክኒን አይተካውም፤ ውሃ በጀርባ በሚቀዳበት ሰፈር ዝንቡም ሕመሙም ተመልሶ ይመጣል።

አሁን የሚመጣልኝ ሰው ጠብታ ነው የሚጠይቀኝ። ክሎራምፌኒኮል ታዞለት ሲወስድ አሳየዋለሁ፤ እጅህን ታጠብ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርግ፣ አንድ ጠብታ ይበቃል፣ ጫፉ ሽፋሽፍትህን እንዳይነካ፣ ዓይንህን ለጥቂት ከድነህ ቆይ። ሐኪሙ ያዘዘው ቀን ሳይሞላ አታቁም፤ ከተከፈተ 4 ሳምንት የሞላውን ጣለው፤ ለማንም አታውስ። ዴክሳሜታዞን የተቀላቀለበትን ግን ያለ ማዘዣ አልሰጥም። ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋው ሰው ይወደዋል፤ ብሌኑ በቫይረስ ወይም በፈንገስ ከቆሰለ ያባብሰዋል፤ ሲቆይም የዓይን ግፊት ይጨምራል። ገብስ ሲወቃ ገለባ ዓይኑን የወጋው፣ ብርሃን ማየት ያቃተው ወይም እይታው የደበዘዘበት ሰው ከመጣ ምንም አልሸጥለትም፤ በዚያው ዕለት የዓይን ሐኪም ዘንድ እንዲደርስ መኪና ላይ አሳፍረዋለሁ።