የኤችአይቪ ክትባት

የኤችአይቪ ክትባት ሰዎች ኤድስን በሚያስከትለው ቫይረስ እንዳይያዙ ለመከላከል ታስቦ ምርምር የሚደረግበት ክትባት ነው። ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1983 በፈረንሳይ የፓስተር ተቋም ተለይቶ ከታወቀ ከ40 ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ ለአገልግሎት የተፈቀደ ክትባት እስካሁን የለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ሄክለር ክትባቱ በሁለት ዓመት ገደማ ለሙከራ እንደሚደርስ ተናግረው ነበር።

አስቸጋሪ ያደረጉት ምክንያቶች

ተለዋዋጭነት፦ የኤችአይቪ ዘረመል አርኤንኤ ነው። ይህን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኤንዛይም ስሕተት ያበዛል፤ ስሕተቱንም አያርምም። ስለዚህ በአንድ ሰው ደም ውስጥ እንኳ የተለያዩ ቫይረሶች ይገኛሉ። በኢትዮጵያና በደቡባዊ አፍሪካ የሚበዛው ሲ የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ ቢ የተባለው ይበዛል። ለአንዱ የተዘጋጀ ክትባት ሌላውን ላይከላከል ይችላል።

ሽፋን፦ ቫይረሱን የሚያመክኑ ፀረ እንግዳ አካላት የሚይዙት በገጹ ላይ ያሉትን የፕሮቲን እሾሆች ነው። እሾሆቹ ጥቂት ናቸው፤ የተሸፈኑትም የሰውየው ሕዋስ በሚሠራው ስኳር ነው። ሰውነት ስኳሩን የራሱ አድርጎ ስለሚያየው በቀላሉ አያጠቃውም።

መደበቅ፦ ቫይረሱ የሚያጠቃው የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱን የሚያስተባብሩትን ሲዲ4 የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ዘረመሉን ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ያዋህዳል፤ በቀናት ውስጥም በማይንቀሳቀሱ ሕዋሳት ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ ክትባቱ ቫይረሱን ገና ከጅምሩ መግታት ይኖርበታል።

የአርአያ እጦት፦ ኩፍኝ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ አይያዝም፤ የኩፍኝ ክትባትም ይህንኑ ይኮርጃል። ከኤችአይቪ ግን እጅግ ጥቂት ሰዎች ካልሆኑ በቀር በራሱ አቅም የሚድን የለም። የተዳከመ ሕያው ቫይረስ መስጠትም ኃይሉ ሊመለስ ስለሚችል አደገኛ ነው።

ዋና ዋና ሙከራዎች

እ.ኤ.አ. በ2007 ስቴፕ የተባለው ሙከራ ተቋረጠ። ክትባቱ ካለመከላከሉም በላይ፣ ከወሰዱት ወንዶች አንዳንዶቹ በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነው የታይላንድ ሙከራ ከ16,000 በላይ ፈቃደኞች ተሳትፈው ክትባቱ 31 ከመቶ ያህል መከላከሉ ታየ፤ ይህ ግን ለአገልግሎት በቂ አልነበረም። ያው ዘዴ ለሲ ዝርያ ተስተካክሎ በደቡብ አፍሪካ በ5,407 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ክትባቱን ከወሰዱት 129፣ ማስመሰያ መርፌ ከወሰዱት ደግሞ 123 ሰዎች በመያዛቸው በ2020 ቆመ።

አዲስ አቅጣጫ

በቫይረሱ ከተያዙ ሰዎች አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ብዙ ዝርያዎችን የሚያመክኑ ፀረ እንግዳ አካላት ያመነጫሉ። ተመራማሪዎች እነዚህን የሚያመነጩትን ሕዋሳት በተከታታይ ክትባቶች ደረጃ በደረጃ ለማሠልጠን ይሞክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት የመጀመሪያውን ደረጃ ክትባት ከወሰዱ 36 ሰዎች በ35ቱ የተፈለጉት ሕዋሳት ነቅተዋል። ይህ ጅምር እንጂ መከላከያ አይደለም።

በሌላ በኩል በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጋው ሌናካፓቪር የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍተኛ የመከላከል ብቃት አሳይቷል። ይህ የክትባት ሙከራን ይበልጥ ያከብደዋል፤ ለፈቃደኞች ያለውን መከላከያ ማቅረብ የሥነ ምግባር ግዴታ ሲሆን፣ የሚያዙት ሰዎች ባነሱ ቁጥር የክትባቱን ጥቅም ለመለየት ብዙ ተሳታፊ ያስፈልጋል። ሆኖም መድኃኒቱ በየስድስት ወሩ ካልተደገመ ጥበቃው ስለሚያበቃ፣ ለረጅም ጊዜ የሚከላከል ክትባት ፍለጋው አልቆመም።