ከቤተልሔም ምስክር እስከ ድኅረ ምረቃ መመዘኛ
የከፍተኛ ትምህርት የዕድገት ሥርዓት ታሪክ ከዋግ ኽምራ አንጻር ሲታይ

አንድ ተማሪ ከአንዱ የዕውቀት ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው መቼ ነው? መዝኖ የሚያሳልፈውስ ማን ነው? ያልበቃውን ማሳለፍ፣ የበቃውንም ማዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት በማን ላይ ያርፋል? እነዚህ ጥያቄዎች የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ጉዳዮች ብቻ መስለው ሊታዩ ይችላሉ፡፡ ይሁን እንጂ ምጥ የጠናባት እናት ከተከዜ ሸለቆ ተነሥታ፣ ከዝቋላ ወረዳ መቀመጫ ከጽጽቃ በወጣ ገባ መንገድ አልፋ ሰቆጣ ሆስፒታል ስትደርስ የምታገኘው ባለሙያ ብቁ መሆኑ አስቀድሞ የተወሰነው በእነዚሁ ሕጎች ነው፡፡ ስለዚህ የመመዘኛውን ታሪክ መመርመር የጤና ባለሙያውንም የሚመለከት ተግባር ነው፡፡

የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት

በሀገራችን ሰሜናዊ ደጋ የትምህርት ደረጃና የዕድገት ሥርዓት ከዩኒቨርሲቲ በፊት ለብዙ ዘመናት የኖረ ነገር ነው፡፡ በላስታና በዋግ፣ በጎጃምና በጎንደር የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከፊደልና ከንባብ ተነሥቶ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያም ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ያመራል፡፡ በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በየደረጃው ያድጋል፡፡ ቀን ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በነገራ ጊዜ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል፡፡ የታችኛውን ሳያጠና የላይኛውን መያዝ አይፈቀድለትም፡፡

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ፡፡ አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፡፡ ትምህርቱ በዓመት ቁጥር አይገደብም፤ የሚያበቃው ተማሪው ሲበቃ ብቻ ነው፡፡ ሁለተኛው የምስክርነት ጉዳይ ነው፡፡ ድጓ የተማረ ሰው ያስተማረው መምህር ቢያመሰግነውም ያ ብቻ አይበቃውም፡፡ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ በዚያ ባሉ ሊቃውንት ፊት ተፈትኖ መመስከር ነበረበት፡፡ ለዝማሬና ለመዋሥዕትም የምስክሩ ቦታ ዙር አምባ ነበር፡፡ ዛሬ የውጭ ፈታኝ የሚባለው አሠራር መንፈሱ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አስተማሪው ብቻውን የራሱን ተማሪ ፈራጅ እንዳይሆን የሚያደርግ ጥንቃቄ ነውና፡፡

ከበርሊን እስከ ባልቲሞር

ዘመናዊው የድኅረ ምረቃ ትምህርት በሌላ መንገድ መጣ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1810 የተቋቋመው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማርንና ምርምርን በአንድነት የማስኬድን አስተሳሰብ አጠናከረ፡፡ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1861 የመጀመሪያዎቹን የዶክትሬት ዲግሪዎች ሰጠ፤ ጥንታዊው ኦክስፎርድ ግን ይህንኑ ዲግሪ የተቀበለው ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፡፡ ከእነዚህ ሁሉ የወረሰው መሠረታዊ መመዘኛ አንድ ነው፤ እጩው የሌሎችን ዕውቀት ማጥናቱ አይበቃም፣ በዕውቀት ላይ የራሱን ጨምሮ በፈታኞች ፊት መከላከል ይኖርበታል፡፡

በሕክምና ሙያ ደግሞ በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1889 በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዊልያም ሃልስቴድ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶችን የማሠልጠን ሥርዓት ዘረጉ፡፡ ሠልጣኙ በሆስፒታሉ እያደረ ከቀላል ወደ ከባድ ኃላፊነት ደረጃ በደረጃ ያድግ ነበር፡፡ የሚያበቃበት ዓመት አስቀድሞ አይቆረጥም፤ ብዙዎች ጀምረው ወደ ላይኛው ጫፍ የሚደርሱት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፡፡ ከጊዜ በኋላ ግን ይህ አሠራር እየተለወጠ የሥልጠናው ዘመን በዓመታት ተወሰነ፤ የተቀበሉትን ሠልጣኝ ሁሉ ለፍጻሜ ማብቃትም የማሠልጠኛው ኃላፊነት ሆነ፡፡ የጊዜ ገደቡ ሠልጣኙን ከመምህሩ የግል ፈቃድ ጥገኝነት አላቀቀው፤ በአንጻሩ ዓመት መቁጠር ብቃትን እንዲተካ በር ከፈተ፡፡ ይህ ተቃርኖ እስከ ዛሬ የሕክምና ትምህርት ክርክር ሆኖ ዘልቋል፡፡

የሀገር ውስጥ ጅማሮ

በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው፡፡ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፡፡ ለመቋቋሙ አንዱ ምክንያት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ የተነሣው ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ነበር፡፡ ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ በገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲሠሩ ያሰማራ ስለነበር፣ መመዘኛው ከመጀመሪያው ከሕዝቡ ችግር ጋር የተያያዘ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ የሕክምና ፋኩልቲውም እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ፡፡

በእነዚህ ዓመታት ስፔሻሊስት መሆን የሚሻ ሐኪም ወደ ውጭ ሀገር መሄድ ግዴታው ነበር፡፡ ለምሳሌ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የቀዶ ሕክምና ሙያቸውን ያገኙት በስኮትላንድ ኤድንብራ ነው፡፡ እንደ እርሳቸው ተመልሰው ያገለገሉና የሀገሪቱን የሕክምና ትምህርት ያቋቋሙ ነበሩ፤ በሄዱበት የቀሩም ጥቂት አልነበሩም፡፡ በተጨማሪም በውጭ የሚማሩት የሕመም ዓይነትና የሚገለገሉበት መሣሪያ በሀገር ቤት ከሚጠብቃቸው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም ነበር፡፡

በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ፡፡ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ በኋላ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ተቋቋመ፤ የማስተርስ ትምህርት በ1979፣ የዶክትሬት ትምህርት ደግሞ በ1987 ተጀመረ፡፡ ይህ የሆነው ሀገሪቱ በጦርነትና በድርቅ በተጨነቀችበት ዘመን መሆኑ መዘንጋት የለበትም፡፡ በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ምክንያት ከዋግና ከላስታ ደጋዎች የተሰደደ ሕዝብ በኮረም ተጠልሎ ይረግፍ በነበረበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፎቻቸውን ያዘጋጁ ነበር፡፡

የመመዘኛው ይዘት

በዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ሥርዓት በሦስት ምሰሶዎች የቆመ ነው፡፡ የመጀመሪያው የነጥብ አማካይ ውጤት ነው፡፡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ 2.0 ሲጠበቅበት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን 3.0 ይጠየቃል፡፡ ከዚህ በታች የወረደ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ካላሻሻለም ይሰናበታል፡፡ ሁለተኛው በአማካሪ መሪነት የሚዘጋጀውና በውስጥና በውጭ ፈታኞች ፊት የሚቀርበው መመረቂያ ጽሑፍ ነው፡፡ ሦስተኛው የጊዜ ገደብ ነው፡፡ በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ በየዓመቱ የሚደረግ የማለፊያ ምዘናና ሠልጣኙ የሠራቸውን ሕክምናዎች የሚመዘግብበት ሎግ ቡክ ይታከላሉ፡፡

እነዚህ መመዘኛዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ሕጋዊ መሠረት ያገኙት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲሆን፣ ይህም በአዋጅ ቁጥር 650/2001፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተክቷል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተግባራዊ ሆነ፡፡ ስለዚህ ቀድሞ በየዩኒቨርሲቲው ብቻ ይወሰን የነበረው የመግቢያ በር ዛሬ ከተቋሙ ውጭ ያለ መዛኝ ይቆምበታል፡፡ በዚህ ረገድ የቤተልሔም ልማድ በሌላ መልኩ ተመልሷል ቢባል ስሕተት አይሆንም፡፡

መመዘኛው በዋግ ሲፈተን

መመዘኛን ከገጠር ሆስፒታል ፍላጎት ጋር ለማስታረቅ የተደረገ አንድ ትልቅ ሙከራ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 በጅማ፣ በሐዋሳና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ የማስተርስ ሥልጠና ልምድ ያላቸውን የጤና መኮንኖች ለሦስት ዓመታት አሠልጥኖ ስፔሻሊስት ወደማይደርስባቸው ሆስፒታሎች ላከ፡፡ የሠልጣኙ ብቃት በወረቀት ፈተና ብቻ ሳይሆን በእጁ በሠራው ቀዶ ሕክምናም ተለካ፡፡ ማዕረጉ ከስፔሻሊስት በታች ነው በማለት የነቀፉት ነበሩ፡፡ ደጋፊዎቹ ደግሞ የማኅፀን መተርተር የገጠማት እናት የምትጠብቀው ማዕረግን ሳይሆን የሠለጠነ እጅን ነው ብለው መለሱ፡፡ ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ስለ መመዘኛ ነው፤ አንደኛው ስለ ከፍታው፣ ሌላው ስለ አቅጣጫው፡፡

ሁለተኛው ፈተና የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፡፡ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል የገባበት ሰነድ ስሙን ያገኘው ከሰቆጣ ነው፡፡ የሙከራው ምዕራፍም በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ በአማራና በትግራይ ክልሎች ወረዳዎች ተጀመረ፡፡ እንዲህ ያለው ሥራ ወደ መንደሩ የሚወርዱ ተመራማሪዎችን፣ ከእነርሱም መካከል የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ይጠራል፡፡ የሕፃኑ ቁመት ይለካል፤ እናቲቱ ትጠየቃለች፡፡ ኽምጣና ለሚናገር ቤተሰብ የፈቃድ ቅጹ በአማርኛ ብቻ ከተነበበ የተገኘው ፈቃድ በእርግጥ ፈቃድ ነውን? ውጤቱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ልጇን ለሚዛን የሰጠችው እናት ምን አተረፈች? የነጥብ አማካይ ውጤት እነዚህን ጥያቄዎች አይመልስም፤ ሊመልሳቸው የሚገባው አማካሪውና ፈታኙ ናቸው፡፡

ሦስተኛው ፈተና የጊዜ ገደቡ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዩኒቨርሲቲዎችን ዘጋ፡፡ ወዲያውም በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ ደርሶ ሕዝቡን አፈናቀለ፤ የጤና ተቋማትንም ጎዳ፡፡ መረጃ ሊሰበሰብበት የነበረው ጤና ጣቢያ ሲዘረፍና ተማሪው ራሱ ሲሰደድ፣ የተቆረጠው ወር አለፈ ብሎ ማሰናበት ፍትሕ አይሆንም፡፡ በሌላ በኩል በችግሩ ምክንያት ምዘናውን ማላላት ጉዳቱን ወደ ታማሚው ማስተላለፍ ነው፡፡

ማጠቃለያ

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፡፡ ጉባኤ ቤቱ ጊዜውን ልቅ፣ ምስክሩን ግን ጥብቅ አደረገ፡፡ ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ጊዜውን አጥብቆ ለተማሪው ዋስትና ሰጠው፤ ነገር ግን የዓመት ቁጥር የብቃት ምትክ እንዳይሆን ዘወትር መጠንቀቅ ይገባዋል፡፡ ለችግረኛ ተማሪ ጊዜ ማራዘም ይቻላል፤ ብቃትን ማሳጠር ግን አይቻልም፡፡ በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር የሚፈረም እያንዳንዱ የማለፊያ ውጤት ውሎ አድሮ በሰቆጣ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል በር ላይ ይፈተናል፡፡ በዚያ የምትጠብቀው እናት የባለሙያውን ነጥብ አትጠይቅም፤ መምህራኑ በሚገባ እንደመዘኑላት ታምናለች፡፡ ይህን እምነት መጠበቅ የመዛኞች ሁሉ ግዴታ ነው፡፡