ከፈረስ ወደ ሞተር ስንዘል የረሳነው፦ ብስክሌትና የጢቾ ሜዳ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ብስክሌት ነው። «ደግሞ ከመስጂድ ሰው ስለ ብስክሌት ምን ይሰማል?» የሚል አይጠፋም። ታሪክ ግን የነገሥታትና የጦርነት ብቻ አይደለም። ሰው በየትኛው መንገድ፣ በምን ተጉዞ ከወገኑ ጋር ይገናኝ እንደነበረም ታሪክ ነው። እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ፤ ጉዳዩ የልጆቻችን ጉዳይ ነው።

ሜዳው

ጢቾ በአርሲ ዞን የጠና ወረዳ ከተማ ናት። በንጉሡ ዘመን አርሲ ጠቅላይ ግዛት በጭላሎ፣ በአርባ ጉጉና በጢቾ አውራጃዎች ሲከፈል ስሟ የአንድ አውራጃ ስም ነበር።

የአርሲ ደጋ ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት ተራራው ነው፤ ጭላሎ፣ ካካና በዳ ሦስቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ከተራራው በስተምሥራቅ ግን መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ ይወርዳል። ከጢቾ ወደ አርሲው ሮቤ (ከባሌው ሮቤ ጋር እንዳይምታታባችሁ) ሲኬድ ብዙ ቦታ ላይ ዓይን የሚያየው ስንዴና ገብስ የለበሰ ለጥ ያለ ገጠር ነው። ዳገት የለም ማለታችን አይደለም። ግን ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ አገር በደጋው ላይ ማግኘት ይከብዳል።

መንገዱን ያወጡት

ይህን ሜዳ መጀመሪያ በመንገድ ያገናኙት መሐንዲሶች አይደሉም። የአርሲ ኦሮሞ ከጥንት ጀምሮ በፈረስ የታወቀ ሕዝብ ነው፤ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለሽምግልናም የሚሄደው በፈረስ ነበር። እናቶች ቅቤና እህል ይዘው ገበያ የሚወጡበት መንገድ ነበራቸው። ደረሳ ኪታቡን በጀርባው አዝሎ ከአንዱ ዓሊም ደጅ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ነበረው። በየዓመቱ ደግሞ ኡሌ የሚባለውን ባለ መንታ ጫፍ በትር የያዙ መንገደኞች ዋቤን ተሻግረው ወደ ባሌ፣ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ ዛሬም የሚጓዙ አሉ። ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የቦታው ስም ተመዘገበ፤ ወደ ቦታው የሚወስዱትን የእግር መንገዶች ግን የመዘገበ ያለ አይመስለንም።

እነዚያ ሰዎች መንገድ የሚመርጡት አፈሩን አይተው ነበር። በሜዳችን ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮትቻ የምንለው ነው። በበጋ እንደ አውድማ ይጠነክርና ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውሃ ያቁርና እግር ይይዛል። ስለዚህ የድሮ ሰው ዝቅ ያለውን ትቶ ከፍ ባለው ጀርባ ጀርባ ነበር የሚሄደው። መንገዱ ጠመዝማዛ ቢሆንም የተጠመዘዘው በምክንያት ነው። ዛሬ በብስክሌት የሚሄድ ሰው በዚያው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ጭቃ ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ ሲጠጥር ብስክሌቱን ተሸክሞ መሄድ እንጂ መንዳት እንደማይቻል የሞከረው ያውቀዋል።

ብስክሌት ወደ ሌላው አገር ሲገባ

ብስክሌት በአካባቢያችን አገሮች ሥር የሰደደው መጀመሪያ በኤርትራ ነው፤ ያመጡትም ጣሊያኖች ናቸው። የኤርትራ ዙር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1946 ተጀመረ። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ ከአራት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞቿን ይዛ ሄደች። ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድሩ 24ኛ ሲወጣ ቡድኑ 9ኛ ሆነ።

ልብ በሉ! ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከማሸነፉ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ዓለም በሩጫ ሳያውቀን በፊት በብስክሌት ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ጎን ቆመን ነበር። ከዚያ በኋላ ሩጫው ገነነ፤ ብስክሌቱ ወደ ኋላ ቀረ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የፈረንሳይን ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እስኪሆን ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። እሱም የወጣው ብስክሌት ከሚወደደው ከትግራይ ነው።

አርሲ ለምን ሮጠች?

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር ጠዋት 10፣ ማታ 10 ኪሎ ሜትር ደብተሩን በክንዱ አቅፎ ይሮጥ እንደነበር ዓለም ሁሉ ያውቃል። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽም የበቆጂ ፍሬዎች ናቸው። ይህ ኩራታችን ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ግን እስቲ በሌላ በኩል እንየው። ኃይሌ የሮጠው ሻምፒዮን ለመሆን ብቻ አልነበረም፤ የሚሄድበት ሌላ ነገር ስላልነበረውም ነው። ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳል፤ በደልዳላ መንገድ ላይ በብስክሌት ሳይቸኩል 15 ይሄዳል። የሁለት ሰዓት መንገድ በ40 ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። ከሺህ ልጅ አንዱ በሩጫ ወርቅ ያመጣ ይሆናል፤ ሌሎቹስ? ብዙዎቹ መንገዱ ርቆባቸው ትምህርቱን አቋረጡ።

ታዲያ ሜዳ እያለን ብስክሌቱ ለምን አልገባም? አንዱ ድህነት ነው። ሌላው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በአሰላ ካዱ የተባለውን የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሲያቋቁሙ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድርና የገጠር መንገድ ይዞ መጣ። ትራክተርም መጣ፤ በዚህ ምክንያት ከመሬታቸው የተፈናቀሉ ጭሰኞችም ነበሩ። ድርጅቱ ግን ስሙ እንደሚለው የጭላሎ ነበር። ከተራራው ወዲህ ያለው የጢቾ አውራጃ ከአብዮቱ በኋላ ድርጅቱ አርዱ ተብሎ ወደ መላው አርሲ እስኪሰፋ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። መንገዱ ሲደርስ ደግሞ የደረሰው ለመኪና ሆኖ ነው። እኛ ከፈረስ ወርደን በቀጥታ ሞተር ላይ ወጣን፤ በመካከል ያለውን ደረጃ ዘለልነው።

ዛሬ ምን እየሆነ ነው?

እኛ የመስጂድ አገልጋዮች ነን። ጀናዛ ሲኖር ለየመንደሩ መንገር የኛ ሥራ ነው። ስልክ የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ስለዚህ በበጋ ሁለት ሆነን በብስክሌት እንወጣለን። ከዙህር በፊት ወጥተን፣ ሦስት አራት መንደር አዳርሰን ለዐስር እንመለሳለን። ነዳጅ አንጠብቅም፤ ለማንም አንከፍልም።

ባለፈው በጋ ከልጅነታችን በምናውቀው የጀርባ መንገድ ስንሄድ መንገዱ ድንገት ጠፋን። ታርሷል። ከማዶ ከብት የሚጠብቁ አዛውንት አይተውን ቀረብ አሉ። «ልጆቼ፣ አትድከሙ» አሉን። «አባቴ በዚህ በፈረስ ያልፍ ነበር። እኔም ሙሽራዬን ያመጣሁት በዚህ ነው። አንዱ አንድ ትልም ገፋ፣ ሌላውም አንድ ትልም ገፋ፤ አለቀ።» «ማንም አልተናገረም እንዴ አባባ?» አልናቸው። «ማን ይናገር? እኔም ገፍቻለሁ» አሉና ዝም አሉ።

እኛም ዞረን በዋናው መንገድ ሄድን። እዚያ ደግሞ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ በአጨዳ ወቅት ኮምባይነሩ አለ። ለእግረኛና ለብስክሌት የተተወ ዳር የለም። መኪና በመጣ ቁጥር ወርደን ቦይ ውስጥ እንቆም ነበር። ከኛ ፊት ደብተር የያዙ ሕፃናትም እንደኛው ይቆሙ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው ወገኖቻችን። መንገድ ሲሰፋ ደስ ብሎናል፤ ታማሚ ቶሎ ሆስፒታል ይደርሳል፣ እህል ቶሎ ገበያ ይወጣል። ግን የድሮው መንገድ ከታረሰ፣ አዲሱም ለመኪና ብቻ ከሆነ፣ በእግሩ የሚሄደው ልጅ በየት ይሂድ?

ምን እናድርግ?

አገሪቱ ይህን አልረሳችም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በተወሰኑ ቀናት ጎዳናዎቿን ለእግረኛና ለብስክሌት መዝጋት ጀመረች። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ደግሞ መሬታቸው ለጥ ያለ በመሆኑ በብስክሌት የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባ ዳገቷን ይዛ ይህን ካሰበች ሜዳ የተሰጠን እኛ ምን እንጠብቃለን?

የምንለው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት እያሉ የድሮዎቹን መንገዶች እየጠየቅን እንጻፍ፤ የፈረሱን፣ የገበያውን፣ የደረሳውን። ሁለተኛ፣ የእርሻ ድንበር ሲታረቅ የመንገዱም ድንበር አብሮ ይታረቅ። ሦስተኛ፣ አዲስ መንገድ ሲሠራ ለእግረኛና ለብስክሌት ዳር እንዲተው በቀበሌ ስብሰባ ላይ አፍ አውጥተን እንጠይቅ። አራተኛ፣ አቅም ያለው፣ በተለይ በውጭ የምትኖሩ ልጆቻችን፣ ለመድረሳና ለትምህርት ቤት ስታስቡ ብስክሌትንም አስቡ።

ዲናችን ከመንገድ ላይ እሾህ ማንሳትን ከኢማን ቆጥሮታል። እሾህ ማንሳት ይህን ያህል ከተቆጠረ መንገዱን ራሱን አርሶ ማጥፋት ምን ሊባል ነው? ይህን ስንል ለሌላው ብቻ አይደለም። ከኛም ቤት አንድ ትልም የገፋ አለ። በዚህ ዓመት አጨዳው ሲያልቅ ያንን ትልም መልሰን ለመልቀቅ ተስማምተናል፣ ኢንሻአላህ።

እናንተስ በሰፈራችሁ የጠፋ የእግር ወይም የፈረስ መንገድ ታውቃላችሁ? ከየት ወደ የት ይወስድ ነበር? ጻፉልን፤ እንሰበስበዋለን።

ወላሁ አዕለም። አላህ መንገዳችንን ያግራልን።