በሰርባኩሳ የዋለ አያት

በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በፋርጣም ሆነ በእስቴ ደጋ፣ የዘር ሐረጉን የሚቆጥር ሽማግሌ ከአንድ የጦር ሹም ስም ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «ፊታውራሪ ነበር፤ በሰርባኩሳ ውሏል» ይላል። ለመሆኑ ይህ ቃል ታሪክ ነውን? ወይስ ተረት? ጥያቄው የአንድ ቤተሰብ ኩራት ብቻ አይደለም፤ ያለፈውን ዘመን በምን ሚዛን እንደምንመዝን የሚፈትን ነው።

ሰርባኩሳ ከጎንደር በስተደቡብ የሚገኝ የጦር ሜዳ ነው። በግንቦት 1763 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል የትግራይን ጦር አሰልፈው፣ ወጣቱን ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትን ይዘው፣ ከበጌምድሩ ወንድ በወሰንና ከአምሐራው ጎሹ ጋር ደጋግመው ተዋጉ። በመጨረሻም ወደ ጎንደር አፈግፍገው እጃቸውን ሰጡ። በንጉሡ ወገን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ያየውን በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ተርኮታል።

ከዚያ ወዲህ ከ250 ዓመት በላይ አልፏል። አንድ ትውልድ 30 ዓመት ቢባል፣ ለጋብቻ ሲባል ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያበቃ ሰው የሚደርሰው ሰርባኩሳ ሳይሆን፣ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ባደረጉት በራስ ጉግሣ ዘመን ገደማ ነው። ስለዚህ «ሰባተኛ አያቴ በሰርባኩሳ ዋለ» የሚል ቆጠራ ቢያንስ አንድ ስም ጎድሎታል።

ሁለተኛው ነገር ማዕርግ ነው። ፊታውራሪ የግንባር፣ ቀኛዝማች የቀኝ፣ ግራዝማች የግራ ጦር አዝማች ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን እነዚህ ስሞች ጦር ላልመራም ሰው የሚሰጡ ክብሮች ሆኑ። ስለዚህ ማን ሾመው፣ የትኛውን አገር በላ፣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ዜና መዋዕሉ የሚጠራው ታላላቆቹን ነው፤ አነስተኛው ሹም የሚገኘው በየአድባራቱ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ፣ በመሬት ስጦታና ሽያጭ ምስክሮች መካከል ነው። ስም ከስም መግጠሙ ብቻውን አይበቃም፤ አገሩና ዘመኑም መግጠም አለባቸው።

ሽማግሌው ግን ያለ ምክንያት አልቆጠረም። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ የአያት ስም በዳኛ ፊት ማስረጃ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሙግት ዘጋው። ቆጠራው ከጥቅም ነጻ ወጣ፤ በዚያው ልክ ቆጣሪውም ተመናመነ። መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች መቅዳት ያለባቸው አሁን ነው።

ሲቀዱም አንድ ስሌት አይዘንጉ። በስምንተኛው ትውልድ እያንዳንዳችን 256 ወላጆች አሉን፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ፊታውራሪ ቢሆን፣ ሌሎቹ እህሉን ያመረቱ፣ ጎተራቸውን ለወታደር የከፈቱ፣ ዱቄት ፈጭተው ስንቅ ተሸክመው ከጦሩ ኋላ የተጓዙ ናቸው። ደመወዝ ያልነበረው ያ ጦር የኖረው በእነርሱ ላይ ነው። የፊታውራሪውን ስም ስንጽፍ፣ ማን እንዳበላውም ከጎኑ እንጻፍ።