ስድሳ ሴኮንድ የፈጀው የምርጫ ማስታወቂያ

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1964 (እ.ኤ.አ.) ምሽት ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልም በማሳየት ላይ ሳለ፣ በመካከሉ አንዲት ሕፃን ብቅ አለች። ሜዳ ላይ ቆማ የአበባ ቅጠል እየቀነጠሰች ትቈጥራለች፤ ልጅ ናትና ቍጥሩን ታዛባለች። ዘጠኝ ስትል የአንድ ጐልማሳ ድምፅ ከዐሥር ወደ ዜሮ ቍልቍል ይቈጥራል። ካሜራው ወደ ዓይኗ ይጠጋል፤ የብሌኗ ጥቁረት መስኮቱን ሲሸፍነው የኑክሊየር ቦምብ ይፈነዳል። ቀጥሎ የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ድምፅ ይሰማል።

ማስታወቂያው ተከፍሎበት የታየው ያን ዕለት ብቻ ነበር። የሪፐብሊካኑ ዕጩ የባሪ ጎልድዋተር ስም በውስጡ ጨርሶ አልተነሣም። ሆኖም ደጋፊዎቻቸው ተቈጡ፤ ቍጣው ዜና ሆነ፤ ዜናውንም ለማስረዳት ሌሎች ጣቢያዎች ፊልሙን ያለ አንዳች ክፍያ አሳዩት።

ስም ሳይጠራ ተመልካቹ ስለ ማን እንደ ተነገረ እንዴት ዐወቀ? ከዶይል ዴን በርንባክ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ሆነው ሥራውን ያዘጋጁት የድምፅ ባለሙያ ቶኒ ሽዋርትዝ፣ በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ማስታወቂያ በሰው ውስጥ አስቀድሞ ያለውን ይቀሰቅሳል እንጂ አዲስ ሐሳብ ማስገባት የለበትም። ይህ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። ወታደሮች ድልድይ ሲሻገሩ እርምጃቸውን እንዲያፋልሱ የሚታዘዙት፣ ትንሽ ኀይል እንኳ ከድልድዩ ከራሱ ንዝረት ጋር ከገጠመ ሊያናጋው ስለሚችል ነው። በ1964 የኩባ የሚሳይል ቀውስ ካለፈ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር፤ ጎልድዋተርም የኑክሊየር ሙከራን የሚገድበውን ውል በ1963 በሴኔት ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ንዝረቱ አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው።

ማስታወቂያው ምርጫውን ወሰነ ማለት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ማጋነን ነው። ጆንሰን 61 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው በ44 ግዛቶች ቢያሸንፉም፣ አስቀድሞም በሰፊ ልዩነት ይመሩ ነበር። ይልቅስ የተረፈው ስልቱ ነው። በ1988 በማይክል ዱካኪስ ላይ የተሠራው፣ በፈቃድ ከእስር ቤት ወጥቶ ወንጀል ስለ ፈጸመ እስረኛ የሚናገረው ማስታወቂያም፣ ከተከፈለበት ይልቅ በዜና የታየው ይበልጣል።

በሰላም ጠባቂነት የተመረጡት ጆንሰን ከምርጫው በኋላ አራት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 1965 መጀመሪያ፣ ሰሜን ቬትናምን በተከታታይ በአውሮፕላን ማስደብደብ ጀመሩ። በዚያው ሳምንት የአሜሪካ ማሪን ጦር ዳናንግ ወረደ።